የዛሩ ሚኒስትር፣ የአመፁ ፕሬዚዳንት፦ ስለ መስፍን አዳም ቻርቶሪስኪ የከፈትኩት ክር

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምላሹ በዝቶ ዘግይቶ የሚገባ አንባቢ ከየት እንደሚጀምር ስለተቸገረ፣ መነሻ ጽሑፌንና የተከተሉትን ምላሾች በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር እተርካለሁ። ያመሰገነኝንም የነቀፈኝንም አላስቀረሁም፤ የራሴን ፍርድ ግን አልደበቅሁም።

መነሻ ጽሑፍ። ያነሣሁት የፖላንዱን መስፍን የአዳም የዢ ቻርቶሪስኪን ሕይወት ነው። በ1770 በዋርሶ ተወለደ፤ በ1792 ሩሲያ አገሩን ስትወርር ተሰልፎ ተዋጋ። በ1795 ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ፖላንድን ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ተካፍለው ከካርታ ሲያጠፏት፣ የሩሲያዋ ንግሥት ካትሪን የቤተሰቡን ርስት ያዘች፤ ርስቱ እንዲመለስም ሁለቱ ወንዶች ልጆች ፒተርስበርግ መጥተው አገልግሎቷ ውስጥ እንዲገቡ ፈለገች። የ25 ዓመቱ አዳም ከወንድሙ ጋር ሄደ፤ በስም መኮንን፣ በተግባር መያዣ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ የዚያችው ግዛት የውጭ ጉዳይ በእጁ ገባ። በ1831 ደግሞ በሩሲያው ንጉሠ ነገሥት በዛር ኒኮላስ ላይ የተነሣው መንግሥት ፕሬዚዳንት ሆነ። ሰው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ እያነሣ ወይ ከሃዲ ወይ አርበኛ ይለዋል። እኔ ግን ሊመዘንበት የሚገባው ሥራ ሚኒስትርነቱም ፕሬዚዳንትነቱም ሳይሆን ከ1803 ጀምሮ ለ20 ዓመት ያህል የያዘው የቪልኒየስ ትምህርት ክልል የበላይ ኃላፊነት ነው ብዬ ተከራከርሁ፤ ተቃዋሚም ጋበዝሁ።

ምላሽ 1። አንድ አንባቢ በትሕትና አመስግነው ሁለት ነገር ጠየቁ፦ ዓመታቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፉና፣ የተሸነፈችውን የጠላት አገር ልጅ ዛሩ እንዴት ሊያምነው እንደቻለ።

ምላሽ 2 የእኔ ነው። ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደሆኑ ገለጽሁ፤ የሩሲያ መጻሕፍት ግን በዚያን ጊዜ አሮጌውን አቆጣጠር ይከተሉ ስለነበር፣ የካትሪን ልጅ የዛር ጳውሎስ መገደል አንዱ ዘንድ ማርች 11፣ ሌላው ዘንድ ማርች 23 ቀን 1801 ሆኖ ቢገኝ ስሕተት አይደለም። በሁለት አቆጣጠር መኖር ለለመደ ለእኛ አንባቢ ይህ ብዙ አያስቸግረውም። ስለ እምነቱ ደግሞ በ1796 የጸደይ ወራት የሆነውን ተረክሁ። የካትሪን የልጅ ልጅ አሌክሳንደር፣ ገና 18 ዓመቱ ሳለ፣ ቻርቶሪስኪን በታውሪድ ቤተ መንግሥት የአትክልት ቦታ እያንሸራሸረ የአያቱን አገዛዝ እንደማይወድ፣ ፈላጭ ቆራጭነትን እንደሚጠላና በፖላንድ ላይ በደረሰው እንደሚያዝን ገለጠለት። መያዣው ወጣት ከዚያች ቀን ጀምሮ የወደፊቱ ንጉሠ ነገሥት ምስጢረኛ ሆነ።

ምላሽ 3 ላይ ክሩ መክረር ጀመረ። ጸሐፊው የዚያ የአትክልት ቦታ ንግግር ምስክሩ ራሱ ቻርቶሪስኪ መሆኑን፣ የምናውቀውም ከማስታወሻው መሆኑን ነግረውኝ፣ ሰው ስለ ራሱ በሚጽፈው ላይ ታሪክ አይቆምም አሉ። ቀጥለውም ብዙ ሰው ያሳቀ ቀልድ ጣሉ፦ በእኛ አገር ዛር የያዘው ሰው የዛሩ ፈረስ ይባላል፤ ፈረሱ የራሱ መንገድ የለውም፣ የጋለበው ወደፈለገው ይነዳዋል፤ ይህም መስፍን ከዚያ የተለየ ዕጣ አልነበረውም የሚል ነበር። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ክሩ ሙሉ ከፈረሱ ጋር ሲታገል መክረሙን ታያላችሁ።

ምላሽ 4 የታሪክ መምህርት መሆናቸውን የገለጹ አንባቢ ናቸው። ስለ ማዕረጉ አረሙኝ። በመነሻ ጽሑፌ አንድ ቦታ ልዑል ብዬው ነበር፤ ልዑል በእኛ አጠራር ከንጉሥ ቤት ለተወለደ ስለሚሰጥ፣ ለቻርቶሪስኪዎች መስፍን ይሻላል አሉ። ይሁን እንጂ ከዙፋኑ ሩቅ እንዳልነበሩ አከሉ፤ የመጨረሻው የፖላንድ ንጉሥ ስታኒስላቭ ኦገስት ፖኒያቶቭስኪ እናቱ ከዚሁ ቤት ስለነበረች ከአዳም አባት ጋር የአክስትና የአጎት ልጆች ነበሩ። የፖላንድ መኳንንት ከአውሮፓ ሁሉ ብዛት እንደነበራቸው፣ ከ100 ሰው 8 ወይም 10 ያህሉ እንደ ባላባት ይቆጠር እንደነበርም ጻፉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ሞፈርና ቀንበር ብቻ የነበረው ድኻ ባላባት ጥቂት አልነበረም። ርእሱን አርሜአለሁ።

ምላሽ 5 ስለ አራቱ ወዳጆች ነው። አሌክሳንደር በ1801 ሲነግሥ ቻርቶሪስኪን፣ ስትሮጋኖቭን፣ ኮቹቤይንና ኖቮሲልትሴቭን ሰበሰበ። ሌሎቹ እንግዶች ከንጉሡ ማዕድ ተነሥተው ቡናቸውን ጠጥተው ሲሰናበቱ፣ አራቱ በውስጥ በር ሾልከው ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል ይገቡና ግዛቱን እንዴት እንደሚያድሱ ይመካከሩ ነበር። ከጌታቸው መሬት እንዳይነቃነቁ ስለታሰሩት ገበሬዎች፣ ስለ ገባሮች፣ ነፃነት ብዙ ተነጋገሩ፤ እጅ የጨበጠ ውጤት ግን በ1802 የተቋቋሙት ሚኒስቴሮች ናቸው። የዚህ ምላሽ ጸሐፊ ኖቮሲልትሴቭ የሚለውን ስም ያዙት፣ ወደ ኋላ ያስፈልጋችኋል ብለው ዘጉ። ትክክል ነበሩ።

ምላሽ 6 ወደ 1805 ወሰደን። ቻርቶሪስኪ እንግሊዝን፣ ኦስትሪያንና ሩሲያን በናፖሊዮን ላይ ያስተባበረውን ቃል ኪዳን ሲያቀናብር፣ ዋርሶን የያዘችው ፕሩሲያ በኃይል ተገፍታ ፖላንድ በአሌክሳንደር ዘውድ ሥር እንድትመለስ ያለመ ዕቅድ ነበረው። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ዓመት መጸው ወደ ቤተሰቡ ርስት ወደ ፑዋቪ መጥቶ ሁለት ሳምንት ገደማ ተቀመጠ፤ የፖላንድ መኳንንት አዋጁን ይጠብቁ ጀመር። አሌክሳንደር ግን ሐሳቡን ለውጦ ወደ በርሊን ሄደ፣ በፖትስዳም በታላቁ ፍሬድሪክ መቃብር አጠገብ ከፕሩሲያ ንጉሥ ጋር የወዳጅነት ቃል ተለዋወጠ። ዲሴምበር 2 ቀን ጦሩ በአውስተርሊትዝ በናፖሊዮን ተሸነፈ። ቻርቶሪስኪ ለንጉሠ ነገሥቱ የጻፈለት የወቀሳ ደብዳቤ ሚኒስትር ለጌታው ከሚጽፈው እጅግ የከረረ ነበር፤ በ1806 ሥልጣኑን ለቀቀ። ጸሐፊው የምላሽ 3ን ቀልድ አንሥተው፣ ፈረስ ጋላቢውን እንዲህ ሲገሥጽ አይተው እንደማያውቁ በጨዋ ቃል ጠየቁ።

ምላሽ 7 ላይ የምላሽ 3 ጸሐፊ ተመለሱ፤ የተመለሱት ግን በሐሜት ነው። ከአሌክሳንደር ሚስት ከኤልሳቤጥ ጋር ነበረው ስለተባለው ፍቅር፣ በ1799 ስለተወለደችውና በዓመቱ ስለሞተችው ሕፃን፣ ዛር ጳውሎስም ሰውዬውን ወዲያው ወደ ሰርዲኒያ ንጉሥ መልእክተኛ አድርጎ ከፒተርስበርግ ስለማራቁ ዘርዝረው ጻፉ። የቤተ መንግሥቱ ወሬ በእውነትም ይህ ነበር። ከወሬው ተነሥተው የሰውየውን የፖለቲካ አቋም በሙሉ የጌታውን ሚስት ከመውደድ ጋር ማያያዛቸው ግን መድረኩን አስቆጣ።

ምላሽ 8 ቁጣው ነው፤ ሁለት መስመር ብቻ፣ ስለ መኝታ ቤት ማውራት የሚፈልግ ሌላ ክር ይክፈት የሚል። እኔም አዘጋጆቹን ለማስቸገር ሳልፈልግ በዚያው እንዲበቃ ለመንሁ።

ምላሽ 9 ነገሩን በብልሃት አበረዱት። የጣሊያን ቆይታው ለአገሩ ምን አተረፈ ብለው ጠይቀው ራሳቸው መለሱ፦ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን አቁስጣ መሳይ ነጭ አውሬ የታቀፈች ወጣት ሥዕል ገዝቶ ለእናቱ ለኢዛቤላ ያመጣው ያን ጊዜ ገደማ ነው። ኢዛቤላ በ1801 በፑዋቪ የጥንት ቅርስ ማኖሪያ ከፍታ ነበር። ሥዕሏ በስደትና በጦርነት ተንከራትታ ዛሬ ክራኮቭ ትገኛለች፤ የፖላንድ መንግሥት በ2016 የቤተሰቡን ስብስብ ጠቅልሎ በ100 ሚሊዮን ዩሮ ገዝቷል።

ምላሽ 10 ሦስት ቀን ወስጄ የጻፍሁት ነው፤ ለእኔ የክሩ እምብርት እዚህ ነው። የቪልኒየስ ትምህርት ክልል ከሊትዌኒያ እስከ ኪየቭና ፖዶሊያ ስምንት ጠቅላይ ግዛቶችን የያዘ፣ ሩሲያ ከፖላንድ የወሰደችውን ምድር ከሞላ ጎደል የሚሸፍን ነበር። ዩኒቨርሲቲው ለሥሩ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ራስ ሆነ፤ ትምህርቱ በፖላንድኛ ይሰጥ ነበር፤ የሥነ ፈለክ ሊቁ ያን ሽኒያዴትስኪ ርእሰ መምህር ሆኖ አገለገለበት፤ በቮሊኒያ በክሬሜኔትስ ደግሞ ታዴዎሽ ቻትስኪ በ1805 ስመ ጥር ትምህርት ቤት ከፈተ። አገር ከካርታ በጠፋች ማግሥት፣ በአጥፊው ንጉሠ ነገሥት ማኅተም፣ የዚያች አገር ቋንቋና ታሪክ ለአንድ ሙሉ ትውልድ ተላለፈ ማለት ነው። ባለቅኔው አዳም ሚትስኬቪች የተማረው፣ ዮአኪም ሌሌቬል ታሪክ ያስተማረው እዚያ ነው። ሌሎቹ የቻርቶሪስኪ ዕቅዶች በሰነድ ቀርተዋል፤ ይህኛው ሰው ሆኖ ቆመ።

ምላሽ 11 ፍጻሜውን አስታወሱኝ። በ1823 በቪልኒየስ የተማሪዎች ምስጢር ማኅበር ተገኘ ተብሎ ምርመራ ተከፈተ፤ ሚትስኬቪች ታሰረ፣ በማግሥቱ ዓመት ወደ ሩሲያ ተጋዘ፤ ሌሌቬል ከመምህርነቱ ተባረረ። መርማሪው ኖቮሲልትሴቭ ነበር፦ በምላሽ 5 ከቡና በኋላ በውስጥ በር ይገባ የነበረው ያው ወዳጅ። ቻርቶሪስኪ ከኃላፊነቱ ሲወርድ ወንበሩን የተረከበውም እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1832 ተዘጋ። ጸሐፊው ሌላ አስተያየት አልጨመሩም፤ መጨመርም አያስፈልገውም ነበር።

ምላሽ 12 ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ነው። በስምንቱ ጠቅላይ ግዛቶች የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው ሊትዌኒያዊ፣ ቤላሩሳዊና ዩክሬናዊ ገበሬ እንደነበር፣ ፖላንድኛ ተናጋሪው በዋናነት ባለርስቱና ከተሜው እንደነበር፣ ስለዚህ እኔ የአንድ አገር ቋንቋ መዳን ያልሁት ለሌላው የጌቶቹ ቋንቋ መጽናት ሊሆን እንደሚችል ጠንከር ባለ አነጋገር ነገሩኝ። ዛር የጋለበውን ፈረስ ስንቆጥር ፈረሱ ራሱ ማንን እንደጋለበ አልጠየቅንም ሲሉ የምላሽ 3ን ቀልድ በተለየ መንገድ ተጠቀሙበት። መልስ ለመስጠት ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውሁት፤ በመጨረሻ ትክክል ናቸው፣ መነሻ ጽሑፌ ይህን ሸፍኖታል ብዬ ተቀበልሁ። ሆኖም የበላይ ኃላፊነቱ የሚመዘንበት ሥራው ነው ማለቴን አልሰረዝሁም፤ ሚዛኑ ሁለት ጎን እንዳለው ብቻ ነው የጨመርሁት።

ምላሽ 13 እና 14 ከዚያው የተወለዱ ናቸው። አንዱ ገባር ያልነው ቃል አይመጥንም አሉ፤ ገባር ርስት ኖሮት ግብር የሚከፍል ነው፣ የፖላንዱ ገበሬ ግን በሳምንት የተወሰኑ ቀናት በጌታው እርሻ ላይ ያለ ክፍያ የሚሠራ፣ ያለ ፈቃድ ከቀዬው የማይነቃነቅ ነበር። ሌላው ጭሰኛ ይሻላል ሲሉ፣ የለም ጭሰኛ መሬቱን ትቶ መሄድ ይችል ነበር የሚል መጣ፤ ከዚያ መሬት ላራሹ ተነሣ፤ ድምፅም ከፍ አለ። ገባር የሚለውን ጉድለቱን እያወቅን እንያዘው ብዬ ወደ ዋርሶ መለስኋቸው።

ምላሽ 15 ስለ 1815 ነው። አስቀድመው በ1812 አባትየው በዋርሶ ከናፖሊዮን ጎን ቆሞ የምክር ቤቱ መሪ ሲሆን፣ ልጁ በአባቱና በአሌክሳንደር መካከል ተጨንቆ ከሩሲያ አገልግሎት መሰናበት እንደጠየቀ ተረኩ። ከቪየና ጉባኤ በኋላ ሕገ መንግሥት ያላት፣ ዛሩን ንጉሥ ያደረገች የፖላንድ መንግሥት ስትቆም፣ ለዚህ ከማንም በላይ የደከመው ቻርቶሪስኪ እንደራሴ እንደሚሆን ሁሉም ጠበቀ። የተሾመው ግን ዮዜፍ ዛዮንቼክ ነበር፤ ከናፖሊዮን ጋር ዘምቶ በ1812 እግሩን ያጣ፣ አሁን ግን የታዘዘውን ሁሉ የሚፈጽም ጄኔራል። ጦሩ ለዛሩ ወንድም ለኮንስታንቲን ተሰጠ፤ ኖቮሲልትሴቭም ዓይንና ጆሮ ሆኖ ዋርሶ ተቀመጠ።

ምላሽ 16 መምህርቷ ናቸው። የ1830ው አመፅ ኖቬምበር 29 ሌሊት በወጣት መኮንኖች ሲጀመር ቻርቶሪስኪ 60 ዓመቱ ነበር፤ አመፁን አልፈለገውም፣ ከኮንስታንቲን ጋር ለመደራደርም ሞከረ። ጃንዋሪ 25 ቀን 1831 ምክር ቤቱ ኒኮላስን ከዙፋን ያወረደበትን ውሳኔ ሲፈርም፣ ፖላንድን አጠፋችኋት እንዳለ ይነገራል፤ ቢሆንም ፈረመ፣ በቀናት ውስጥም የብሔራዊው መንግሥት ፕሬዚዳንት ሆነ። ኦገስት 15 ሕዝቡ እስር ቤት ሰብሮ እስረኞችን ሲሰቅል ከተማውን ለቆ ወደ ጦሩ ወጣ። ሴፕቴምበር 8 ዋርሶ ወደቀች። ሩሲያ በሌለበት የሞት ፍርድ ፈረደችበት፤ ፑዋቪ ተወረሰ፤ ቆይቶም ስሙ ኖቫ አሌክሳንድሪያ ተባለ። መምህርቷ ያሰመሩበት አንድ ነጥብ አለ፦ ያላመነበትን ውሳኔ ፈርሞ በዚያ ምክንያት በሩሲያ ሥር የነበረ ርስቱን ያጣ ሰው፣ በ1795 ለርስት ሲባል ተላከ ከተባለው ወጣት ጋር አንድ ሰው ነው።

ምላሽ 17 እና 18 ወደ ፑሽኪን ወሰዱን፤ አልተቆጣሁም። ብዙዎቻችን ቅድመ አያቱን አብራም ሃኒባልን ከእኛ ወገን የምንቆጥረው፣ አዲስ አበባም አደባባይ የሰየመችለት ባለቅኔ፣ በኦገስት 1831 ዋርሶ ልትወድቅ ስትል አውሮፓን በስላቮች (በሩሲያና በፖላንድ ሕዝብ) የቤት ጠብ አትግቡ የሚል ግጥም መጻፉን አንድ አንባቢ በኀዘን ጠቀሱ፤ ሚትስኬቪች በሩሲያ ግዞት ሳለ ሁለቱ ወዳጆች ነበሩና። ሌላው የሃኒባል ትውልድ ቦታ አከራካሪ መሆኑን፣ ካሜሩን አካባቢ የሚያደርጉትም ሊቃውንት እንዳሉ ጥቂት ቆጣ ብለው አስታወሱ። የሥጋ ዝምድና ስንኝ አያጸድቅም የሚለው የመጨረሻ ቃላቸው ለሁላችንም የተላከ መሰለኝ።

ምላሽ 19 ማርኪዝ አሌክሳንደር ቪዬሎፖልስኪን አመጡ። በ1831 በአመፁ መንግሥት ወደ ለንደን የተላከ፣ ከ30 ዓመት በኋላ ግን ከሩሲያ ጋር ተስማምቶ በ1862 የዋርሶን የሲቪል አስተዳደር የመራ ሰው ነው። በዋርሶ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ለአይሁድ የዜግነት መብት ሰጠ፣ የግዴታ ሥራን በኪራይ መተካት ጀመረ። ጸሐፊው እውነተኛው የቻርቶሪስኪ ደቀ መዝሙር እሱ ነው ሲሉ ምላሽ 20 እሳት ሆኖ ወጣ፦ ቪዬሎፖልስኪ በጃንዋሪ 1863 ፖለቲከኛ ወጣቶችን ስማቸው ተለቅሞ በሌሊት ለሩሲያ ጦር እንዲታፈሱ አድርጎ ሊያከሽፈው የፈለገውን አመፅ ራሱ አቀጣጠለ፤ ቻርቶሪስኪ ግን የገዛ ተማሪዎቹ ሲታፈሱ ወንበሩን ያጣ ሰው ነው። ከዚህ በላይ የተጻፈው ስድብ ስለነበረበት አልደግመውም፤ ነጥቡ ግን ከክሩ ምርጥ ነጥቦች አንዱ ነው።

ምላሽ 21 ከዋርሶ መውደቅ በኋላ ቻርቶሪስኪ በስደት ያሳለፈውን 30 ዓመት በአንድ ትንፋሽ አለፉት። ፓሪስ ላይ በ1838 የተከፈተው የፖላንድ ቤተ መጻሕፍት፣ በ1843 የተገዛውና የንጉሥ አልባው መንግሥት ቤተ መንግሥት የሆነው ሆቴል ላምቤር የተባለው መኖሪያ ቤቱ፣ ወደ ቤልግሬድና ኢስታንቡል የተላኩ ወኪሎች፣ በቦስፎረስ አጠገብ በ1842 በስሙ የተቆረቆረችውና ዛሬም ፖሎኔዝኮይ ተብላ ያለችው የፖላንዶች መንደር ተነሡ። ከግራ ያሉት ስደተኞች በ1834 በፊርማ እንዳወገዙት፣ ከክራይሚያ ጦርነት በኋላ በ1856 የፓሪስ ጉባኤ የፖላንድ ጉዳይ እንዳልተነሣም አልዘነጉም።

ምላሽ 22 ላይ የምላሽ 3 ጸሐፊ ለመጨረሻ ጊዜ መጡ፤ ቃናቸው ተለውጧል። ቀልዱን አልተዉትም፣ ነገር ግን አራቱን የቡና ወዳጆች ቆጠሩ። ስትሮጋኖቭ ወንድ ልጁን በ1814 በጦር ሜዳ አጥቶ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ ኮቹቤይ የግዛቱ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆኖ በ1834 አረፈ፤ ኖቮሲልትሴቭ ያንኑ ወንበር ወርሶ በ1838 ሞተ፤ ቻርቶሪስኪ ብቻ ሞት እንደተፈረደበት ጁላይ 15 ቀን 1861 በፓሪስ አቅራቢያ በ91 ዓመቱ ዐረፈ። ከዚያም በራሳቸው ላይ የሚመጣ ነገር ጨመሩ፦ እነዚያ አራቱ በ1801 በትንሿ ክፍል ያነሡትን የገባሮች ነፃነት የአሌክሳንደር ወንድም ልጅ ያወጀው በዚያው በ1861፣ ማርች 3 ቀን ነው፤ ሽማግሌው ለመስማት ደርሷል።

ምላሽ 23 የምላሽ 12 ጸሐፊ ናቸው፤ አጭር እርማት ነው። የ1861ዱ አዋጅ በቪልኒየስና በኪየቭ በኩል ያሉትን ገበሬዎች ነካ እንጂ የፖላንድን መንግሥት አልጨመረም፤ የዋርሶና የፑዋቪ ገበሬ መሬቱን ያገኘው በ1864፣ ዛሩ አመፀኞቹን መኳንንት ለመቅጣት ባወጣው ሌላ አዋጅ ነው።